የአንባቢያን ጥያቄ፦ ገልባጩ ከየትኛው ሎደር ጫነ?

ባለፈው እትም ስለ ተሽከርካሪ መከታተያ መሣሪያዎች ካወጣነው ጽሑፍ በኋላ የደረሱን ጥያቄዎች ከተራው ጂፒኤስ ያለፉ ናቸው። ጠያቂዎቹ መኪናቸው የትኛው ከተማ እንደገባ ያውቃሉ፤ የቸገራቸው በየትኛው ሜትር፣ አንዳንዶቹም በየትኛው ሳንቲሜትር ላይ እንደቆመ ማወቅ ነው። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የድንጋይ ካባ ስምሪት ክፍል እሠራለሁ። 22 ገልባጮችና 4 ሎደሮች አሉን፤ ሁሉም ጂፒኤስ አላቸው። ሁለት ሎደሮች ጎን ለጎን ሲጭኑ ግን ገልባጩ ከየትኛው እንደጫነ ሲስተሙ ይሳሳታል፤ የቢያጆ ቆጠራውም ከሚዛኑ ጋር አይገጥምም። ሻጮች ለ26ቱም አርቲኬ (ቦታን በሳንቲሜትር የሚለየው የሳተላይት መሣሪያ) ግዙ ይሉናል። እውነት ያስፈልገናል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ለሎደሮቹ አዎ፣ ለገልባጮቹ አያስፈልግም።

ተራው መከታተያ የሚለካው ሳተላይቱ የሚልከውን ኮድ ነው። የዋናው የጂፒኤስ ኮድ አንዱ ምት 293 ሜትር ይረዝማል፤ ተቀባዩ የዚያን አንድ መቶኛ ለይቶ ቢያነብ እንኳ 3 ሜትር ነው። የከባቢ አየሩ መዘግየትና ከካባው ግድግዳ ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ ሲጨመሩበት 5 ሜትር፣ ገደል ሥር ደግሞ 10 ሜትር መሳሳቱ አይገርምም። አርቲኬ ኮዱን የተሸከመውን ሞገድ ራሱን ይቆጥራል። በ1575.42 ሜጋኸርዝ የሚመጣው ሞገድ ርዝመቱ 19 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በታወቀ ነጥብ ላይ የቆመ ቤዝ (ቋሚ ተቀባይ ጣቢያ) እርማት እየላከለት ሙሉ የሞገዶቹን ቁጥር ካወቀ ስህተቱ ወደ 1 ወይም 2 ሳንቲሜትር ይወርዳል። ቁጥሩን አግኝቶ ሲቆልፍ «ፊክስ»፣ ገና ሲገምት «ፍሎት» ይባላል። ፍሎት ላይ ያለ ማሽን ከ20 እስከ 60 ሳንቲሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊሳሳት ይችላል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን መከታተያዎቹ በስንት ሰከንድ አንዴ ሪፖርት እንደሚልኩ ይመልከቱ። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ገልባጭ በሰከንድ 10 ሜትር ይጓዛል፤ ሪፖርቱ በ30 ሰከንድ አንዴ ከሆነ በሁለት ነጥብ መሐል 300 ሜትር ጨለማ ነው። በእንዲህ ያለ መረጃ ላይ ሳንቲሜትር መግዛት በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። ሪፖርቱን ወደ 5 ሰከንድ ያውርዱትና ቆጠራው ምን ያህል እንደተስተካከለ ለሁለት ሳምንት ይዩት።

ከዚያ በኋላ ለአራቱ ሎደሮች ባለ ሁለት አንቴና አርቲኬ ይግጠሙ። ሁለት አንቴና የሚያስፈልገው ባልዲው ወደየት እንደዞረ ለማወቅ ነው፤ አንድ አንቴና ያለው ማሽን ቆሞ ሲጭን አቅጣጫውን አያውቅም። በአንቴናዎቹ መሐል 1 ሜትር ካለ አቅጣጫውን በ0.2 ዲግሪ ገደማ፣ 2 ሜትር ካለ በ0.1 ዲግሪ ገደማ ይለያል። ገልባጮቹ ላይ ከዚያው ቤዝ እርማት የሚቀበል ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ተቀባይ ይበቃል፤ ፊክስ ባይኖረው እንኳ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። ሲስተሙ «ከባልዲው ፊት 10 ሜትር ውስጥ ከ90 ሰከንድ በላይ የቆመ ገልባጭ ከዚህ ሎደር ጫነ» ብሎ ይቁጠር። ሎደሮቹ ሁልጊዜ ከ30 ሜትር በላይ ተራርቀው የሚሠሩ ቢሆኑ ኖሮ ይህም አያስፈልግዎትም ነበር።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ነገር ይበላሻል። አንቴናውን የጋቢናው ጣሪያ ፊተኛ ጫፍ ላይ ያድርጉት፤ ወደ ኋላ ከሆነ ሳጥኑ በተነሣ ቁጥር ግማሽ ሰማይ ይሸፈንበታል። ጠፍጣፋው አንቴና ከሥሩ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ላሜራ ይፈልጋል። ቀጭኑ የአንቴና ኬብል በየሜትሩ 1 ዴሲቤል ገደማ ይበላል፤ ከ5 ሜትር አያስረዝሙት፣ የተረፈውንም አጥብቀው አይጠምጥሙት። ማገናኛውን ተራ ናስትሮ ጠቅልለው አይተዉት፤ አንድ ክረምት አይዘልቅም። ራሱን በራሱ የሚያጣብቀው የጎማ ቴፕ ይሻላል። ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ ሞተሪኖው ሲዞር የ24 ቮልቱ ባትሪ ስለሚወርድ ተቀባዩ ጠፍቶ ይበራል፣ ፊክሱም ይጠፋል። ከ9 እስከ 36 ቮልት የሚቀበል መቀየሪያ በመሐል ያስገቡ፤ የ3 አምፔር ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን እንጂ መሣሪያው ጋ አይሁን።

ጥያቄ፦ ቤዛችንን የቢሯችን ጣሪያ ላይ ተክለናል። ማሽኖቹ ፊክስ ያሳያሉ፤ ግን በየጥቂት ቀኑ ካርታው ላይ ሁሉም በአንድነት አንድ ወይም ሁለት ሜትር ወደ አንድ ጎን ይሸሻሉ። ተቀባዩ ተበላሽቶ ነው? (ከወልዲያ፣ የመንገድ ሥራ)

መልስ፦ ከሸሹበት ቀን በፊት መብራት ሄዶ እንደነበር ያጣሩ። ከተገዛ ወዲህ ያልተነካ ቤዝ አብዛኛውን ጊዜ «ሰርቬይ ኢን» በሚባለው አሠራር ላይ ነው፤ በበራ ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ የራሱን ቦታ በአማካይ ይገምትና በዚያ ይጸናል። ግምቱ እንደ ተራ ጂፒኤስ ነው፤ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር አዲስ ቦታ ያወጣል። ማሽኖቹ ከቤዙ አንጻር ያላቸው ርቀት ሁልጊዜ ልክ ስለሆነ ፊክሱ ሐሰት አይደለም፤ የሸሸው ቤዙ ራሱ ነው።

መድኃኒቱ አንድ ቀን ይፈጃል። የቤዙን ጥሬ መረጃ 24 ሰዓት ሙሉ ይቅዱ፤ ወደ ራይኔክስ (የሳተላይት መረጃ የጋራ የፋይል ቅርጸት) ይቀይሩት፤ ቦታን በኢንተርኔት ከሚያሰሉት ከካናዳ መንግሥት ሲኤስአርኤስ-ፒፒፒ ወይም ከአውስትራሊያው ኦስፖስ ወደ አንዱ ይላኩት። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ የሚመልሱት ቁጥርም በሳንቲሜትር ደረጃ ነው። ቁጥሩን ቤዙ ላይ እንደ ቋሚ ቦታ ይጻፉና ወደ ቋሚ ማኅደረ ትውስታው ያስቀምጡት። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። ከዚያ ሶኬቱን ነቅለው ይሰኩትና ቁጥሩ እንዳለ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ።

የቆርቆሮ ጣሪያም አይወደድም፤ ቀን ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል፣ ነፋስ ያንቀጠቅጠዋል። ፌሮ ያለበት የኮንክሪት ምሰሶ ይሠሩለት፤ ከ10 ዲግሪ በላይ ያለው ሰማይ ከሁሉም አቅጣጫ ክፍት ይሁንለት፣ ከውኃ ታንከርም ይራቅ። ተቀባዩና ራውተሩ አንድ ላይ 5 ዋት ቢወስዱ በቀን 120 ዋት-ሰዓት ነው፤ ባለ 12 ቮልት 50 አምፔር-ሰዓት ባትሪ እስከ ግማሹ ቢወርድ ሁለት ቀን ተኩል ያቆየዋል። ለክረምቱ ደመና ሲባል ሶላሩ ከ100 ዋት አይነስ።

ጥያቄ፦ እርማቱን በሲም ካርድ ነው በሬዲዮ የምንልከው? ኢንተርኔቱስ ስንት ይበላል? (ከተለያዩ አንባቢያን)

መልስ፦ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሲም ካርድ ይቀላል። በሰከንድ አንዴ የሚላክ የአራቱም የሳተላይት ሥርዓቶች እርማት በሰዓት ከ2 እስከ 4 ሜጋባይት ብቻ ነው። የሞባይል መስመር ከውጭ የሚደረስበት የራሱ አድራሻ ስለማይኖረው ግን ማሽኖቹ በቀጥታ ወደ ቤዙ መግባት አይችሉም፤ ሁለቱም ወደ አንድ የኤንትሪፕ ሰርቨር (እርማትን በኢንተርኔት የሚያከፋፍል) ይገናኙ፣ የተለመደው ፖርት 2101 ነው። ከሚላኩት ባለ ቁጥር መልእክቶች 1006 የቤዙን ቦታ ይዞ ይሄዳል፤ ከጎደለ ሮቨሩ (ማሽኑ ላይ ያለው ተቀባይ) ፊክስ አያገኝም። 1074፣ 1084፣ 1094 እና 1124 በቅደም ተከተል የጂፒኤስ፣ የግሎናስ፣ የጋሊልዮና የቤይዱ ናቸው። ቤዝና ሮቨር የተለያየ ፋብሪካ ሥሪት ከሆኑ 1230ን ይጨምሩ፤ አለበለዚያ ግሎናስ ማወክ ይጀምራል። ሬዲዮ የሚመርጥ ሰው ፍሪኩዌንሲውን አስቀድሞ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ያስፈቅድ።

ጥያቄ፦ በሁለት ሺፍት የእርሻ መሬት እናስተካክላለን። ቀን ሁሉም ደህና ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን ፊክስ ይመጣል ይሄዳል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ተመልሶ ይስተካከላል። ሻጩ አንቴና ለውጡ ይለናል። (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ አንቴናዎን አይንኩ። ይህ የአገራችን ጠባይ ነው። የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዚህ ቀበቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው አዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላው የከባቢ አየር ክፍል) ይናወጥና እንደሚፈላ ውኃ አረፋ ይሠራል። የሳተላይቱ ሞገድ በአረፋው ሲያልፍ ይርገበገባል፤ ተቀባዩ የሞገድ ቆጠራው ይምታታበትና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ከዓመቱ ደግሞ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ። ፀሐይ በየ11 ዓመቱ ገደማ ስትነቃም ይብሳል። በአውሮፓ ተፈትኖ የመጣ መሣሪያ መመሪያው ስለዚህ ነገር ብዙም አይናገርም።

ጥፋቱ የሰማይ ይሁን የአንቴና የሚለዩበት መንገድ ቀላል ነው። ፊክስ በሁሉም ማሽኖች ላይ በአንድ ሰዓት ከጠፋ የቤዝ፣ የመስመር ወይም የአዮኖስፌር ጉዳይ ነው፤ በአንዱ ብቻ ከጠፋ የዚያ ማሽን ኬብል ወይም አንቴና ነው። ቀጥሎ የእርማቱን ዕድሜ (ከቤዙ ከወጣ ስንት ሰከንድ እንደሆነው) ይመልከቱ፤ 1 ወይም 2 ሰከንድ ሆኖ ሳለ ፊክሱ ከጠፋ መስመሩም ነፃ ወጣ።

ፈጽሞ የሚያድን ነገር የለም፤ የሚቀንስ አለ። የምሽቱን ሥራ ከቤዙ 5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያድርጉት። አራቱንም የሳተላይት ሥርዓቶች ይክፈቱ፤ አንዱ የሰማይ ጎን ሲታወክ ሌላው ደህና ሊሆን ስለሚችል ብዛት ይረዳል። ከ15 ዲግሪ በታች ያሉትን ሳተላይቶች ይተዉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትክክለኛ ከፍታ የሚጠይቀውን ሥራ ለቀኑ ሺፍት ይስጡት፤ ማረስና ማጓጓዝ በምሽት ይሁን።

ጥያቄ፦ በኮንቴይነር ግቢ ሪች ስታከሮቻችን (ኮንቴይነር የሚያነሡና የሚደረድሩ ማሽኖች) ላይ አርቲኬ ገጥመን ነበር። ሜዳ ላይ ይሠራል፤ በኮንቴይነሮቹ መሐል ሲገባ ይጠፋል። (ከሞጆ)

መልስ፦ ቁጥሩን እናስላው። የአንድ ኮንቴይነር ቁመት 2.59 ሜትር ነው፤ አምስት ሲደራረብ 13 ሜትር ገደማ። ማሽኑ 15 ሜትር ስፋት ባለው መተላለፊያ መሐል ቢቆም ግድግዳው በሁለቱም ጎን 7.5 ሜትር ይርቀዋል፤ በሁለቱ ጎን ከመሬት ሲታይ ከ60 ዲግሪ በታች ያለው ሰማይ ጠፋ ማለት ነው። የሚደርሰውም ሞገድ ከብረቱ የነጠረ ይበዛበታል። የበለጠ ውድ ተቀባይ ይህንን አያሸንፍም፤ መፍትሔው ከሳተላይት ሳይሆን ከምድር ነው።

እንዲህ ላለው ግቢ የሚመቸው ዩደብሊውቢ (በአጫጭር የሬዲዮ ምቶች ርቀት የሚለካ ሥርዓት) ነው። በመብራት ምሰሶዎቹ ላይ አንከር የሚባሉ ትንንሽ ጣቢያዎች ይሰቀላሉ፤ ማሽኑ ላይ ያለው መለያ ሞገዱ ወደ እያንዳንዳቸው የፈጀበትን ጊዜ በመለካት ይገኛል። ከ10 እስከ 30 ሳንቲሜትር ይለካል። የሚፈለገው ምን ያህል ነው? የኮንቴይነር ወርድ 2.44 ሜትር ስለሆነ አንዱን ከጎረቤቱ ለመለየት ስህተቱ ከ1.2 ሜትር ማነስ አለበት፤ ግማሽ ሜትር በደንብ ይበቃል። ማሽኑ በማንኛውም ቦታ ሲቆም ቢያንስ አራት አንከር ያለ ግርዶሽ እንዲታዩት ያቅዱ፤ ርቀታቸው ከ30 እስከ 50 ሜትር፣ ከፍታቸው ከክምሩ በላይ ይሁን። አንከሮቹ ሰዓታቸው እርስ በርስ መገጠም አለበት፤ ብርሃን በአንድ ናኖ ሰከንድ 30 ሳንቲሜትር ይሄዳልና አንድ ናኖ ሰከንድ መዛነፍ 30 ሳንቲሜትር ስህተት ነው። የእያንዳንዱን አንከር ቦታ በቶታል ስቴሽን (በቀያሽ መለኪያ መሣሪያ) ይለኩ፤ በሜትሮ ለክቶ መጻፍ በኋላ የማይገኝ ስህተት ይዘራል። መረጃውንና ኤሌክትሪኩን በአንድ የኔትወርክ ገመድ የሚወስዱ ከሆነ አንዱ ገመድ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም።

ሌላው ነገር፦ ኮንቴይነሩ ያለው ጋቢናው ጋ አይደለም፤ ስፕሬደሩ (ኮንቴይነሩን ከላይ የሚይዘው ክፍል) ጋ ነው። የቡሙን (የማንሻ ክንዱን) ርዝመትና አንግል ከማሽኑ ሴንሰር ያንብቡ፤ አቅጣጫው በ1 ዲግሪ ቢዛነፍ 10 ሜትር ቡም ጫፍ ላይ 17 ሳንቲሜትር ነው። ቦታውንም ሁልጊዜ ሳይሆን ትዊስት ሎኩ (ኮንቴይነሩን ከስፕሬደሩ ጋር የሚያያይዘው ቁልፍ) በተቆለፈና በተፈታ ቅጽበት ይመዝግቡ። ሜዳው ላይ አርቲኬ፣ ክምሩ መሐል ዩደብሊውቢ፣ በመሸጋገሪያው ደግሞ የጎማ ዙርና የእንቅስቃሴ ሴንሰር አጣምሮ የሚይዝ አሠራር ካገኙ የገዙት አርቲኬም አይባክንም። ጥልቅ የማዕድን ጉድጓዶችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው፤ በምዕራብ አውስትራሊያው የቦዲንግተን ወርቅ ማዕድን በጉድጓዱ ዳር ከምድር ሆነው ሞገድ የሚልኩ የሎካታ ጣቢያዎች ሳተላይቱን እንዲያግዙ ተደርገዋል።

ጥያቄ፦ ግሬደራችን ላይ ያለው አርቲኬ በጎን ልክ ነው፤ በከፍታ ግን ከቀያሹ ቤንችማርክ (ከፍታው የታወቀ ምልክት) ጋር አይስማማም። የዲዛይኑን ፋይል ስንጭን ደግሞ ማሽኑ ከመንገዱ ውጪ ይታያል። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁለተኛው ይቀድማል። ዲዛይኑ በአዲንዳን (በአገራችን የቆየው የካርታ መነሻ)፣ ማሽኑ በደብሊውጂኤስ 84 (የጂፒኤስ መነሻ) ሆኖ ይሆናል። በሁለቱ መሐል በአገራችን ያለው ልዩነት በዩቲኤም (በሜትር በሚጻፈው የካርታ መጋጠሚያ) ከ200 ሜትር በላይ ነው። የዩቲኤም ዞን 37 ወይም 36 መሳሳት ቢሆን ማሽኑ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር፤ እሱን በዓይን ይለዩታል።

ከፍታውን በተመለከተ ሳተላይቱ የሚሰጠው ከኤሊፕሶይድ (ለስሌት ከተወሰደው የምድር ቅርጽ) ያለውን ቁመት ነው፤ ቤንችማርኩ ደግሞ ከባሕር ጠለል። ሥራውን የሚከብቡ ቢያንስ አራት፣ ቢቻል አምስት ኮንትሮል ፖይንቶችን (ቦታቸው የታወቀ ነጥቦችን) ለክተው ሳይት ካሊብሬሽን (ማሽኑን ከነጥቦቹ ጋር ማስማማት) ይሥሩ፤ በአንዱ ነጥብ ላይ የቀረው ልዩነት በጎን ከ2፣ በከፍታ ከ3 ሳንቲሜትር ከበለጠ ያንን ነጥብ ይጠርጥሩት። ነጥቦቹ ሁሉ በመንገዱ አንድ ጎን ከተደረደሩ ሌላው ጎን ያዘነብላል።

ይህም ተሠርቶ ጥቂት ሳንቲሜትር ከቀረ ምላጩን ይመልከቱ። መሣሪያው የሚያውቀው በተገጠመ ቀን የነበረውን የምላጭ ጠርዝ ነው፤ 2 ሳንቲሜትር ሲበላ መንገዱ 2 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ምላጩን በታወቀ ነጥብ ላይ አስቀምጦ ማስተካከል አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለገረጋንቲና ለሰብ ቤዝ አርቲኬ ይበቃል። ለቤዝ ኮርስ (ከአስፋልቱ ሥር ላለው ንብርብር) መጨረሻ ግን ከፍታው ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር እየዋለለ ስለማያስተማምን ፕሪዝም የሚከተል ሮቦቲክ ቶታል ስቴሽን ይከራዩ፤ እሱ ሚሊ ሜትር ያወጣል። በአንድ ጊዜ የሚከተለው አንድ ማሽን ብቻ መሆኑን፣ በመሐል ገልባጭ ባለፈ ቁጥርም ፕሪዝሙን እንደሚያጣው አስቀድመው ይወቁ።

ጥያቄ፦ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ ከነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ የቤዛችንን ቦታ እንደገና እንለካ? (ከመተሐራ)

መልስ፦ ይለኩ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መሬት እንደ ሰነድ ቋሚ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በአፋር ዳባሁ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት የተከፈተው ስንጥቅ እስከ 8 ሜትር ሰፍቶ ነበር። የ24 ሰዓቱን መረጃ እንደገና ይላኩና ከቀድሞው ጋር ያነጻጽሩ። አህጉሩ ራሱ በዓመት ወደ 3 ሳንቲሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚሄድ ያን ያህሉ አያስደነግጥዎት። ከዚያ በላይ ከሆነ የአካባቢውን ኮንትሮል ፖይንቶች ጭምር ያስለኩ፤ ቤዙና ማሳው እኩል ላይንቀሳቀሱ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ወደብ አካባቢ የፎርክሊፍቶች ጥገና ላይ እሠራለሁ። ካለፉት ዓመታት ወዲህ ተሽከርካሪዎቻችን አንዳንዴ ቤይሩት አየር ማረፊያ ላይ ይታያሉ። አርቲኬ ያድነናል? (ከሐይፋ)

መልስ፦ አያድንም፤ የሚሰማው ያንኑ ሞገድ ነው። ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአካባቢያችሁ የሚደረገው ሁለት ዓይነት ነው። ማፈን ሲሆን የሁሉም ሳተላይቶች ጥንካሬ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ጤናማው ከ40 እስከ 50 ዴሲቤል-ኸርዝ ነው። ማታለል ሲሆን ደግሞ ጥንካሬው ጥሩ ሆኖ ቦታው ይዘላል፤ የቤይሩቱ ይህ ነው። ጋሊልዮ የሚልከው ኦኤስኤንኤምኤ የተባለው ማረጋገጫ የሐሰት መልእክትን ለመለየት ይረዳል፣ ለማፈን ግን መልስ የለውም። ፎርክሊፍት በሰከንድ ከ6 ሜትር በላይ የማይሄድ ከሆነ ከዚያ የፈጠነ ዝላይን ሶፍትዌሩ ውድቅ ያድርግ፤ ቦታውን የጎማ ዙር ሴንሰር ይያዘው። ግቢው ውስን ከሆነ ዩደብሊውቢ ከሳተላይት ነፃ ያወጣዎታል።

ጥያቄ፦ ሻጩ ገጥሞ ሊያስረክበን ነው። ምን ብለን እንፈትነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ መጀመሪያ የጂጂኤ መስመሩን (ተቀባዩ ቦታውን የሚያወጣበትን የጽሑፍ መስመር) ያስከፍቱት። ከስሙ በኋላ ስድስተኛው ቁጥር 4 ከሆነ ፊክስ፣ 5 ከሆነ ፍሎት፣ 1 ከሆነ ተራ ጂፒኤስ ነው፤ አሥራ ሦስተኛው የእርማቱ ዕድሜ ነው። ይህ ስድስተኛ ቁጥር ከእያንዳንዱ ቦታ ጋር ወደ ዳታቤዙ እንዲገባ በውሉ ያስጽፉ። ካልገባ ከወር በኋላ የቱ ነጥብ ሳንቲሜትር፣ የቱ ሜትር እንደሆነ የሚነግርዎት አያገኙም።

ቀጥሎ ተሽከርካሪውን በታወቀ ነጥብ ላይ አቁመው ተቀባዩን አሥር ጊዜ አጥፍተው ያብሩት፤ በየጊዜው ፊክስ ሲል የሰጠውን ቁጥር ይጻፉ። አንዱ ከሌሎቹ በ20 ወይም 30 ሳንቲሜትር ከራቀ ሐሰተኛ ፊክስ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ግን እሱም 4 ይላል። ከዚያ በአንድ መስመር ላይ ሄደው ይመለሱ፤ ሁለቱ ዱካዎች በጉዞው አቅጣጫ የማይገጥሙ ከሆነ መዘግየት አለ። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር 0.2 ሰከንድ ቢዘገይ 2 ሜትር ነው። ጋቢናው ከፍ ያለ ከሆነ በተዳፋትም ይሞክሩት፤ 4 ሜትር ላይ ያለ አንቴና መኪናው 5 ዲግሪ ሲያዘነብል 35 ሳንቲሜትር ወደ ጎን ይሄዳል፤ ማዘንበያ ሴንሰር የሌለው ሲስተም መኪናው ራሱ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል። በመጨረሻ አንቴናውን በብረት ድስት ክዳን ለአንድ ደቂቃ ይሸፍኑትና ሲያነሡት በስንት ሰከንድ ወደ 4 እንደሚመለስ ይቁጠሩ። ክፍት ሰማይ ሥር ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከፈጀ ርክክቡን አይፈርሙ፤ አንቴናውን፣ ኬብሉንና ወደ ቤዙ ያለውን ርቀት መጀመሪያ ያስፈትሹ።